«አኪራ» ለምን አላረጀም? የአንድ ፊልም የጉዳይ ጥናት

«አኪራ» የተባለው የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ታሪኩ በቅጡ አይገባም። ይህን የምለው እየወደድኩት ነው። መጀመሪያ ያየው ሰው ፊልሙ ሲያልቅ አጠገቡ ወዳለው ዞር ብሎ «ቆይ፣ መጨረሻ ላይ ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። ዋናው ጀግና ጉረኛ ዱርዬ ነው። ፊልሙ በስሙ የተጠራለት ልጅ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ሲወራለት ቆይቶ ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ ለአፍታ ነው። ፍቅር የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ፊልም በሁለት በሦስት ዓመት ይረሳል ብሎ መገመት ቀላል ነበር።

አልተረሳም። በ1988 የወጣ ፊልም (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በ2020 በአዲስ ጥራት ታድሶ እንደገና ወጣ። የፊልሙ ቀይ ሞተር ሳይክል በዘፈን ክሊፕ፣ በሆሊውድ ፊልም፣ በየቲሸርቱ ላይ አለ። ፊልሙ ሲወጣ ወላጆቻቸው ገና ያልተዋወቁ ልጆች ዛሬ ቁጭ ብለው ከፊልሙ ጎረምሶች አንዱ ስለሆነው ስለ ቴትሱኦ ይከራከራሉ።

ለምን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መጪውን ዘመን ስለተነበየ» የሚል ነው። ይህ መልስ አይዋጥልኝም፤ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ። እኔ ጉዳዩን ሳየው ፊልሙን ያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሰው እጅ ልፋትና የአንድ ጎረምሳ ቂም።

ታሪኩ ባጭሩ

ፊልሙ የሚከፈተው ሐምሌ 16 ቀን 1988 ላይ ነው። ነጭ የብርሃን ጉልላት እያበጠ ቶኪዮን ይውጣታል። ሦስተኛው የዓለም ጦርነትም ይከተላል። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ፊልሙ ጃፓን ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው በዚያው ዕለት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 9 ቀን 1980 መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቶኪዮ ተመልካቾች ከተማቸው «ዛሬ» ስትጠፋ ተቀምጠው አዩ።

ከዚያ 31 ዓመት ይዘለላል። በ2019 በባሕር ወሽመጡ ላይ ኒዮ ቶኪዮ ተገንብታለች። ፎቆቿ በመብራት የተጥለቀለቁ ናቸው። ታች መንገዱ ላይ ግን ሰልፈኛና ፖሊስ ይደባደባል፣ ሰባኪዎች አኪራ ይመጣል እያሉ ሕዝቡን ያነሳሳሉ፣ ፖለቲከኞች በዝግ ስብሰባ ይሰዳደባሉ። ከተማይቱ ኦሎምፒክ ልታዘጋጅ ነው፤ ስታዲየሙ እየተሠራ ነው።

ካኔዳ የሞተረኛ ጎረምሶች አለቃ ነው። ቴትሱኦ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮ አደጉ ነው፤ ደቃቃና ሁሌ ከኋላ የሚከተል። አንድ ሌሊት ከሌላ ቡድን ጋር ሲሯሯጡ ቴትሱኦ መንገድ መሃል ከቆመ ልጅ ጋር ይጋጫል። ልጁ ቁመቱ የሕፃን፣ ፊቱ የሽማግሌ ነው። ሠራዊቱ በምስጢር ከያዛቸው፣ በአእምሯቸው ብቻ ዕቃ ማንቀሳቀስና ማፈራረስ ከሚችሉ ልጆች አንዱ ነው። ወታደሮች በሄሊኮፕተር መጥተው ቴትሱኦንም ጭነውት ይሄዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያው ኃይል በእሱም ላይ ይነቃል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም።

አኪራ ማለት ቀደም ሲል ይኸው ኃይል የነቃበትና የመጀመሪያዋን ቶኪዮ ያጠፋው ልጅ ነው። በሚሠራው ስታዲየም ሥር፣ በከባድ ብርድ ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል። ቴትሱኦ ሊያገኘው ይሄዳል፣ ካኔዳ ቴትሱኦን ሊይዝ ይሄዳል፣ የሠራዊቱ አዛዥ ኮሎኔሉ ደግሞ ይህን ለማስቆም መፈንቅለ መንግሥት እስከ ማድረግ ይደርሳል። ቀሪውን ፊልሙ ላይ እዩት።

እጅ የበዛበት ሥራ

ዳይሬክተሩ ካትሱሂሮ ኦቶሞ ይባላል። በ1954 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በሚያጊ ተወለደ። የመጀመሪያ የስዕል ታሪኩን በ1973 አሳተመ። «አኪራ»ን በማንጋ (በጃፓን የስዕል ታሪክ) መልክ በኮዳንሻ አሳታሚ «ያንግ ማጋዚን» ላይ መሳል የጀመረው በታኅሣሥ 1982 ነው። ማንጋው ሲያልቅ ከ2,000 ገጽ በላይ ሆኖ በስድስት ትልልቅ ቅጾች ወጥቷል። ያለቀው ግን በ1990 ነው። ፊልሙ የተሠራው ደራሲው ራሱ ታሪኩን ሳይጨርስ ነው ማለት ነው። ታሪኩ ለምን ተጨናነቀ ለሚል ሰው ግማሹ መልስ እዚህ ጋ አለ።

ኦቶሞ ፊልሙን ለመሥራት የተስማማው ሥራው በእሱ እጅ እንዲቆይ ጠይቆ ነው። ያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ ብር እንደልብ ነበር። የመሬትና የአክሲዮን ዋጋ ሰማይ ነክቶ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን የት እንደሚያኖሩት ግራ የገባቸው ወቅት ነው። «የአኪራ ኮሚቴ» በሚል ስም አሳታሚው ኮዳንሻ፣ ፊልም አከፋፋዩ ቶሆ፣ አሻንጉሊት ሠሪው ባንዳይ፣ ማይኒቺ ብሮድካስቲንግ፣ የማስታወቂያው ድርጅት ሃኩሆዶና ሌሎችም ተሰባስበው ወጪውን ተጋሩት። ስዕሉን የሠራው ቶኪዮ ሙቪ ሺንሻ ነው።

ገንዘቡ የት ገባ? እስክሪኑ ላይ ይታያል። ለጃፓን አኒሜሽን ያልተለመደው ነገርም ይኸው ነው።

ከ1963 ወዲህ የጃፓን የቴሌቪዥን ካርቱን ያደገው በቁጠባ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። ቴሌቪዥኑ ግን አንዱን ስዕል ሦስት ጊዜ እየደገመ በሰከንድ 8 ስዕል ብቻ ይሠራ ነበር። ሰውዬው ቆሞ ሲያወራ ሰውነቱ አይነቃነቅም፤ አፉ ብቻ ይከፈታል ይዘጋል። ይህ ቁጠባ ራሱ ጥበብ ሆኗል፣ አልንቀውም። ብዙ የምንወዳቸው አኒሜዎች የተወለዱት ከዚያ ነው።

«አኪራ» ላይ ግን ቁጠባው ቀረ። አብዛኛው እንቅስቃሴ በሰከንድ 12 ስዕል ነው፤ ሲያስፈልግ ደግሞ እስከ 24 ይደርሳል። ፊልሙ 124 ደቂቃ ነው። ለዚህ ከ160,000 በላይ ግልጽ የፕላስቲክ ገጾች በእጅ ተቀብተዋል። ከ2,200 የሚበልጡ ሾቶች አሉት። የአፍ እንቅስቃሴውም ሌላ ጉድ ነው። የጃፓን ልማድ ስዕሉ ካለቀ በኋላ ድምፅ ተዋንያን ስክሪን እያዩ እንዲናገሩ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ንግግር ቀድሞ ተቀዳ፤ ሠዓሊዎቹም ድምፁን እየሰሙ ከንፈሩን ከቃሉ ጋር እያገጣጠሙ ሳሉ። ቋንቋውን የማይሰማ ሰው እንኳ ልዩነቱ ይታወቀዋል። ሰዎቹ የምር የሚያወሩ ይመስላሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስደምመኝ ግን ሌሊቱ ነው። አኒሜሽን ሠሪዎች ሌሊትን ይሸሹ ነበር። ጨለማ ቀለም ይበላል፤ ስዕሉ ይደፈርሳል፤ ዝርዝሩ ይጠፋል። የ«አኪራ» ትልቁ ክፍል ግን በሌሊት ነው የሚሄደው። ለዚህ ሲባል የቀለሙ ዓይነት 327 ደረሰ። 50ዎቹ ለዚህ ፊልም ብቻ የተበጁ ናቸው። የጨለማው ሰማያዊና የጨለማው አረንጓዴ ይለያያሉ። ጥላው ራሱ ቀለም አለው። የፎቆቹ መስኮቶች በብዛት በርተው ሲታዩ አንድም ቦታ ግድግዳ ተቀብቶ የቀረ አይመስልም። የመብራቱ ፍካት ደግሞ ከስዕሉ ጀርባ ብርሃን እየለቀቁ በካሜራ በማንሳት የመጣ ነው።

የሞተሮቹን ግጥሚያ ያየ ሰው የኋላ መብራቶቹን አይረሳም። ሞተሩ ካለፈ በኋላ ቀዩ ብርሃን አየር ላይ ክር ሆኖ ይቀራል። ካኔዳ ደግሞ አንድ ጊዜ ሞተሩን በአግድም አንሸራቶ ያቆማል፤ ጎማው ይጨሳል፣ እሱ ዝቅ ብሎ ወደፊት ያያል። የቆይታው ርዝመት ጥቂት ሰከንድ ነው። ይህን አቋቋም ከዚያ ወዲህ የኮረጀው ካርቱንና ፊልም ስፍር ቁጥር የለውም። ጆርዳን ፒል በ2022 «ኖፕ» በተባለ ፊልሙ በእውነተኛ ተዋናይትና በእውነተኛ ሞተር ደግሞታል። ሲኒማ ውስጥ አንዳንዱ ከኋላዬ ሳቀ፣ አንዳንዱ ምንም አልገባውም። የገባቸው በዕድሜ ይለያሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አይለዩም።

ፊልሙ የወጣበት ዓመት ራሱ ጉድ ነው። ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1988፣ ስቱዲዮ ጂብሊ «ጎረቤቴ ቶቶሮ»ን እና «የእሳት ዝንቦች መቃብር»ን በአንድ ቀን አውጥቷል። የጃፓን አኒሜሽን በእጅ ስዕል ከፍ ያለ ጫፍ የደረሰበት ጊዜ ነው። ትንሽ ቆይቶ የኢኮኖሚው አረፋ ፈነዳ፣ ኮሚቴዎችም ኪሳቸውን ቆጠቡ። ከዚያ ኮምፒውተር መጣና የፕላስቲክ ገጹ ራሱ ቀረ። «አኪራ» ላይ ያለውን ዓይነት ሥራ ዛሬ ልድገመው ቢባል የሚከፍል ብቻ ሳይሆን ሙያውን የያዘ እጅ መሰብሰብም ከባድ ነው። ፊልሙ የማያረጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የኮምፒውተር ስዕል በየአምስት ዓመቱ ይሻሻላል፣ ያለፈው ያስቃል። ይህ ግን ከሚሻሻለው መስመር ውጭ ነው።

ማጀቢያው

ሙዚቃውን በአጭሩ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ አይታለፍም። የመጪው ዘመን ፊልም ሲባል ያን ጊዜ ሁሉም የሚጠብቀው ሲንተሳይዘር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ነው። ኦቶሞ ግን ጌይኖ ያማሺሮጉሚ ወደሚባል ቡድን ሄደ። መሪው ሾጂ ያማሺሮ በትክክለኛ ስሙ ጹቶሙ ኦሃሺ የሚባል ሳይንቲስት ነው። አባላቱ አብዛኞቹ የሙዚቃ ባለሙያዎች አይደሉም፤ ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከባሊ ደሴት የመጣ ግዙፍ የቀርከሃ መሣሪያ ይመታሉ፣ የቡድሃ መነኮሳትን ዜማ ያዜማሉ፣ «ኖህ» የሚባለውን የጥንቱን የጃፓን ቲያትር አንደበት ይቀላቅላሉ።

ውጤቱ ምንድን ነው? ሞተሮቹ 2019 ላይ ሲከንፉ ከበስተጀርባ የሚሰማው ድምፅ ከመቶ ዓመታት በፊት የነበረ ይመስላል። ቴትሱኦ ሆስፒታል ውስጥ ሲቃዥ፣ አሻንጉሊቶች ግዙፍ ሆነው ሲመጡበት፣ የሰው ድምፅ ብቻ እየተቆራረጠ ይነጠባል። ለአንድ ትውልድ ሕፃናት ቅዠት ያተረፈ ትዕይንት ነው። በዚያው ዓመት በሲንተሳይዘር የታጀቡ ፊልሞችን ዛሬ ስትሰሟቸው ዓመታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ይህ ግን ዓመት የለውም።

ቴትሱኦ

ስዕል ብቻውን ሰው አያቆይም። ቆንጆ ሆነው የተረሱ ፊልሞች ሞልተዋል። የፖለቲካው ሴራ፣ ሳተላይቱ፣ ሳይንቲስቱ፣ ስለ ሕይወት ኃይል የሚሰጠው ማብራሪያ ሁሉ ውስብስብ ነው፤ ግማሹን ባትሰሙትም ምንም አይቀርባችሁም። ሥሩ ያለው ግን ቀላል ታሪክ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሁሌ ሲረዳው ኖሯል፣ የተረዳው ደግሞ ይህን ይቅር ማለት አቅቶታል።

መጀመሪያ ላይ ቴትሱኦ የካኔዳን ቀይ ሞተር ተቀምጦበት ይነካካል። ካኔዳ ይመጣና ያንተ አቅም አይደለም፣ ከፈለግክ ራስህ ትልቅ ሰርቀህ አምጣ ይለዋል። እየሳቀ ነው የሚለው። ክፋት የለበትም። ግን ቴትሱኦን አንገበገበው። ቴትሱኦ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመታ ካኔዳ ደርሶለታል፣ ሲያለቅስ ካኔዳ አባብሎታል። አሁን ጎርምሷል፤ አሁንም ያድነኛል የሚባለው ካኔዳ ነው። ውለታ ሲበዛ ሸክም ይሆናል። አብሮ አደግ ያለው ሰው ይህን ለማወቅ ጃፓናዊ መሆን አይጠበቅበትም።

ኃይሉ ሲመጣ ታዲያ ቴትሱኦ ዓለምን አይገዛበትም። ገንዘብ አይሰበስብበትም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካኔዳ ቁልቁል እንዳያየው። ጓደኛቸውን ያማጋታን ገድሎ፣ ቀይ ጨርቅ ትከሻው ላይ አስሮ፣ ታንክና ወታደር እየበታተነ ይሄዳል። በመጨረሻ ስታዲየሙ ውስጥ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ካኔዳ መጥቶ የሚለው ባጭሩ የፍርስራሽ አለቃ ሆንክ አይደል የሚል ፌዝ ነው። ቴትሱኦ በስሙ ሲጠራው ደግሞ «አቶ ካኔዳ በል» ይለዋል። ከተማ እየነደደ የሰፈር ንትርካቸው አልበረደም። እኔ ፊልሙን የማምነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ አካሉ ከቁጥጥሩ ይወጣል። ያጣው እጁ ያብጣል፣ ይዘረጋል፣ ቡሃቃውን ሞልቶ እንደሚፈስ ሊጥ ስታዲየሙን ይሞላል። ፍቅረኛው ካኦሪ በራሱ ሥጋ ውስጥ ተጨፍልቃ ትሞታለች፤ እሱም ስቃይዋ ይሰማዋል። በዚያች ሰዓት ማንን ይጠራል? ካኔዳን። አድነኝ ይለዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ላለመጥራት ሲታገል የቆየውን ስም።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሲያይ የራሱን ሰውነት ያያል፤ ሳይጠይቀው የሚያድግ፣ የማያዘውን። አርባ የሞላው ሰው ደግሞ ያጣውን ጓደኛ ያያል። ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዕድሜ፣ ሁለት ፊልም ነው የሚታየው። ሰው ተመልሶ የሚያየውም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ጉድለቱን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆናል። ካኦሪ በፊልሙ ውስጥ ያላት ድርሻ መሠቃየት ብቻ ነው። ካኔዳ የሚከተላት አማፂዋ ኬይ በማንጋው ውስጥ ጠንካራ ሴት ናት፤ ፊልሙ ላይ ግን ግማሹን ጊዜ ሌሎች በእሷ አንደበት ይናገራሉ። 2,000 ገጽ ወደ ሁለት ሰዓት ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጨፈለቁት ሴቶቹ መሆናቸው አያስደስትም።

ትንቢት ሳይሆን ትዝታ

አሁን ወደ ትንቢቱ። ፊልሙ ላይ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ኦሎምፒኩ ሊጀመር 147 ቀን ቀረው ይላል። ከሥሩ በእጅ የተጻፈ አለ፤ ይሰረዝ፣ ይሰረዝ የሚል። የታሰበው ኦሎምፒክ የ2020 ነው።

በ2013 ቶኪዮ የ2020ን ኦሎምፒክ ስታሸንፍ የፊልሙ ወዳጆች ተንጫጩ። የካቲት 28 ቀን 2020 ደግሞ እውነተኛው ኦሎምፒክ ሊከፈት ልክ 147 ቀን ቀረው። ኮሮና እየገባ ነበር። ያ «ይሰረዝ» የሚለው ጽሑፍ በጃፓን ትዊተር ላይ ተሰራጨ። መጋቢት 24 ላይ ጨዋታው መራዘሙ ተነገረ። በቃ፣ ኦቶሞ ነቢይ ሆነ።

አጋጣሚው ያስደንቃል፤ አልክድም። ግን አጋጣሚ ነው። ፊልሙ ውስጥ ወረርሽኝ የለም። ሦስተኛው የዓለም ጦርነትም፣ ኒዮ ቶኪዮም አልመጡም። ደግሞ ትንቢት ቢሆን ኖሮ ቀኑ ካለፈ በኋላ ማን ያየዋል? 2019 አልፏል፣ ኦሎምፒኩም አልፏል፣ ፊልሙ ግን እየታየ ነው።

ኦቶሞ ራሱ በቃለ መጠይቆቹ ሲናገር ኒዮ ቶኪዮን የሳለው ወደ ኋላ እያየ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የነበረችውን ጃፓን እያሰበ። አስቡት። ከተማ በአንድ ብርሃን ጠፋች፤ ይህ 1945 ነው። ከፍርስራሹ ላይ አዲስ ተገነባች። ተማሪዎች ከፖሊስ ጋር ተፋጠጡ፤ ይህ በ1960 እና በ1968 የሆነ ነው። ጎረምሶች ሞተር እያስጓሩ ሌሊቱን አደሩ፤ ኦቶሞ ማንጋውን በጀመረበት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ፖሊስ የመዘገባቸው እንዲህ ያሉ ሞተረኞች ከ40,000 በላይ ነበሩ። ኦሎምፒኩም ቢሆን ያለፈ ነገር ነው። የ1964ቱ ነው።

የ1964ቱን ቶኪዮ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ጥገና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዚህኛው ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዝግቦ ማራቶን ያሸነፈበት ነው። ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የጃፓን ሕዝብ አፉን ከፍቶ ያየው። ለጃፓን ግን ያ ኦሎምፒክ ከስፖርትም በላይ ነበር። ተሸንፋ የነደደች አገር «ተነስቻለሁ» ያለችበት ቀን ነው። ችቦውን ያቀጣጠለው ዮሺኖሪ ሳካይ የተወለደው ነሐሴ 6 ቀን 1945፣ ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ በወደቀበት ዕለት፣ በዚያው በሂሮሺማ አውራጃ ነው። የተመረጠውም ለዚህ ነበር።

ኦቶሞ ያን ጊዜ አሥር ዓመቱ ነው። አድጎ ፊልም ሲሠራ ያንን ስታዲየም ወሰደና ከሥሩ ምን ቀበረ? ከተማይቱን ያጠፋውን ልጅ። የተነሳንበት መድረክ ሥር ያጠፋን ነገር ታሽጎ አለ የሚል፣ አገሬው የሚገባው ንግግር ነው። ይህ መጪውን መገመት አይደለም። ያለፈውን አንስቶ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ነው። መጪው ዘመን ጨልሞ የሚሳልባቸው ታሪኮች ብዙዎቹ ቀናቸው ሲያልፍ ይሞታሉ፤ ትዝታ ላይ የቆመ ግን ቀን አያልፍበትም።

በነገራችን ላይ የተራዘመው ኦሎምፒክ በሐምሌ 2021 ተመልካች በሌለበት ስታዲየም ተካሄደ። ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ያን ባዶ ወንበር እየዞረ ነው። የኦቶሞ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም።

ከቶኪዮ ወዲህ

ፊልሙ አሜሪካ የገባው በታኅሣሥ 1989 መጨረሻ ነው፤ ስትሪምላይን ፒክቸርስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች አሳየው። እንግሊዝ ውስጥ በ1991 ታየና በቪዲዮ ካሴት ሲወጣ ያልተጠበቀ ገበያ አገኘ። ማንጋ ኢንተርቴይንመንት የሚባለው አከፋፋይ የተመሠረተው በዚያው ማግስት ነው። ፈረንሣዮች ማንጋውን ከ1990 ጀምሮ በግሌና አሳታሚ በኩል አነበቡት፤ በ2015 ደግሞ የአንጉሌም የኮሚክስ ፌስቲቫል ለኦቶሞ ታላቁን ሽልማት ሰጠው፤ ለማንጋ ሠዓሊ የመጀመሪያው ነበር። ፊልሙ መጀመሪያ ሲደርሰው ምዕራቡ ዓለም ካርቱን የሕፃን ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ልጁን ለማስተኛት ካሴቱን የከፈተ ወላጅ ምን እንደገጠመው መገመት አያስቸግርም።

ይህ የፊልሙን ዝና ያስረዳል። በር ከፋች ነው፤ ከሱ በኋላ የመጡት አኒሜዎች መንገዱን ተጠርጎ አገኙት። በር የከፈተ ሁሉ ግን አይወደድም። ብዙዎቹ ይመሰገኑና ይቀመጣሉ።

ልዩነቱን የምታዩት ሆሊውድ ላይ ነው። ዋርነር ብራዘርስ በእውነተኛ ተዋንያን ሊሠራው መብቱን የገዛው በ2002 ነው። ዳይሬክተሮች ተቀያየሩ፣ ጽሑፉ ተጻፈ ተቀደደ። ታሪኩን ከቶኪዮ ወደ ማንሃታን የማዛወር ሐሳብም ነበር። በመጨረሻ ለታይካ ዋይቲቲ ተሰጥቶ የመውጫ ቀን ለግንቦት 2021 ተቆረጠ፤ በ2019 ግን እንደገና ቆመ። ብር ጠፍቶ አይደለም። ማንሃታን ላይ ኦሎምፒኩ ትርጉም የለውም፣ ከስታዲየሙ ሥር የሚቀበር ነገር የለም። እነዚህን ስታወጡ የሚቀረው በአእምሮው ዕቃ የሚወረውር የተናደደ ልጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ሆሊውድ ሞልቶታል። የእጅ ሥራውንም በኮምፒውተር ብትተኩት ፊልሙን ከሌላው የሚለየው ነገር ይጠፋል።

በሐምሌ 2019 ኦቶሞ ሎስ አንጀለስ ላይ ሌላ ነገር አስታውቋል፤ ማንጋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአዲስ አኒሜ ለመሥራት። ብዙ ወዳጆቹ ተደስተዋል፤ በመጨረሻ ታሪኩ ይገባናል ብለው። እኔ ኬይ የሚገባትን ቦታ ብታገኝ ደስ ይለኛል። የታሪኩ መገባት ግን ብዙም አላሳሰበኝም። ካኔዳና ቴትሱኦ ሲጠራሩ ያልገባው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።